በመኪና የተገጨ ሰው የካሳ ማስረጃውን እንዴት ይሰብስብ? ከአደጋው ደቂቃ እስከ ክስ ማመልከቻው

መኪና ሰው ሲገጭ ወዲያው የሚነሳው ጭቅጭቅ ያው ነው። "ዘሎ ገባብኝ" ይላል ሹፌሩ። "እየበረረ መጣብኝ" ይላል ተጎጂው። መንገደኛው ለሁለት ይከፈላል። ቤተሰብም ሳምንታት ሙሉ የሚነጋገረው ማን እንዳጠፋ ነው። በዚህ መሀል የፋርማሲው ደረሰኝ ይጠፋል፣ የካሜራው ቅጂ ይሰረዛል፣ በዓይኑ ያየው ሰው ሥራ ቀይሮ ይሄዳል።

ሕጉ ግን ጥያቄውን ከሌላ ቦታ ነው የሚጀምረው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ላይ የመኪና ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለንብረቱ ይጠየቃል። የሚያመልጠው በጊዜው መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። "ጉዳቱ የደረሰው በራሱ በተጎጂው ጥፋት ነው" ብሎም መከራከር ይችላል፤ ይህን የማስረዳት ሸክም ግን የእሱ ነው።

ስለዚህ የተገጨ እግረኛ ማስረዳት ያለበት ሦስት ነገር ነው። የገጨኝ ይህ መኪና ነው። ይህ ጉዳት የደረሰብኝ በዚያ ግጭት ነው። ጉዳቱ ይህን ያህል አስወጥቶኛል፣ ይህን ያህል ገቢ አሳጥቶኛል። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ላይ ይበረታና በሦስተኛው ላይ ባዶ እጁን ይቀርባል። ይህ መመሪያ በሦስተኛው ላይ ረዘም ያለውም ለዚህ ነው።

አንድ ልዩነት ልብ በሉ። እናንተም መኪና እየነዳችሁ ከነበረና ሁለት መኪኖች ከተጋጩ፣ በቁጥር 2084 መሠረት ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይቆጠርና ጉዳቱ ለሁለት ይካፈላል። ይህ የሚቀረው አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት የአንደኛው ሹፌር ጥፋት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። በዚህ ጊዜ ማን አጠፋ የሚለው በጣም ዋጋ አለው። በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ተሳፍራችሁ ከነበረ ደግሞ ጉዳዩ በማጓጓዣ ውል ሕግ ሊታይ ስለሚችል ቲኬታችሁን አትጣሉ። ራይድ ወይም ፈረስ በሚባሉት የታክሲ አፖች ከሄዳችሁም የጉዞው መዝገብ ከነሹፌሩ ስምና ከነታርጋው አፑ ውስጥ አለ። ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሱት።

1. መኪናውን እንዳይጠፋ አድርጉ

ከሁሉም ሕይወት ይቀድማል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ፖሊስ 991። ተጎጂው ራሱ መንቀሳቀስ ስለማይችል ከዚህ በታች ያለው ሥራ በአብዛኛው የሚወድቀው አብሮት ባለ ሰው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ታርጋውን መያዝ ነው። ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። ኮዱ ስንት ነው? የአዲስ አበባ ነው የኦሮሚያ ወይስ የሌላ ክልል? ተመሳሳይ ቁጥር በሌላ ኮድ ወይም በሌላ ክልል ታርጋ ላይ ሊኖር ይችላል፤ አንዱን ማጉደል ሌላ ሰው ያስከስሳል። ስለዚህ ታርጋውን በስልክ ፎቶ አንሱት። የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን (መኪናው ለሚጎዳው ሰው የሚከፍለው መድን) ስቲከርና ቦሎውንም አንሱ። ሹፌሩ ፈቃደኛ ከሆነ መንጃ ፈቃዱንና ሊብሬውን አንሱ። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ከሹፌሩ ስም የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ካሳ የምትጠይቁትም በአብዛኛው ያንን ባለንብረት ነው።

ገጭቶ ያመለጠ መኪና ከሆነስ? የቻላችሁትን ያህል ምልክት መዝግቡ። ቀለሙን፣ ዓይነቱን፣ የታርጋውን ቁራጭ፣ የሄደበትን አቅጣጫ ያዙ። የወደቀ የመብራት ስባሪ ካለ ፖሊስ እስኪመጣ እንዳይነሳ አድርጉ። ያልታወቀ ወይም መድን የሌለው መኪና ለገጨው ሰው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ወደ ፈንዱ ስትሄዱ ዋናው ማስረጃ መኪናው ያልታወቀ መሆኑን የሚገልጽ የፖሊስ ሪፖርት ነው። "መኪናው ካልተያዘ ምን ዋጋ አለው" ብሎ ሳያመለክቱ መቅረት መብትን መጣል ነው።

2. ቦታውን ፎቶ አንሱ

መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ መንገዱን በሙሉ አንሱ። ዜብራው፣ የመንገዱ መብራት፣ ምልክቱ፣ አስፋልቱ ላይ የቀረው የፍሬን ምልክት፣ የወደቀው ጫማ ወይም ቦርሳ ሁሉም ከየት እስከ የት እንደሆነ ይታይ። ከዚያ ቀረብ እያላችሁ የመኪናውን የተጎዳ ክፍል አንሱ። ቦታውን የሚያሳውቅ ነገር፣ ለምሳሌ የሕንፃ ስም ወይም የሱቅ ማስታወቂያ፣ ፎቶው ውስጥ ይግባ።

ፎቶዎቹን ስታስቀምጡ ኦሪጅናሉ ስልካችሁ ላይ ይቆይ። በቴሌግራም ለዘመድ ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፣ የተነሳበትን ሰዓት የሚናገረው መረጃም ይጠፋል። ፊልተር አታድርጉ፣ አትቁረጡ፣ ቀስት አትሳሉበት። ማሳያ የተሳለበት ቅጂ ካስፈለገ ለብቻው ይሠራል።

አካባቢው ላይ ካሜራ መኖሩንም ዞር ብላችሁ እዩ። ባንክ፣ ሆቴል፣ ማደያ፣ ትልልቅ ሕንፃ ብዙ ጊዜ ካሜራ አላቸው። ቅጂው ግን ዘላለም አይቀመጥም፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ እየተቀዳበት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይጠፋል። በዚያው ቀን የጥበቃ ኃላፊውን አነጋግሩና እንዳይጠፋ ለምኑ። "ያለ ደብዳቤ አንሰጥም" ማለታቸው አይቀርም። እሺ በሏቸው፣ ከዚያ ወደ መርማሪው ፖሊስ ሂዱና ቅጂውን በደብዳቤ እንዲጠይቅ አመልክቱ። የካሜራውን ቦታና የደቂቃውን ግምት ጽፋችሁ ብትሰጡት ሥራው ይቀልለታል።

3. ያየውን ሰው ከነአድራሻው ያዙ

በአደጋ ቦታ ሃምሳ ሰው ይከባል። ከወር በኋላ አንዱን ማግኘት ግን ፈተና ነው። ስለዚህ ከአላፊ አግዳሚው ይልቅ ሁልጊዜ እዚያው የሚገኘውን ሰው ፈልጉ። ቡና የምታፈላው፣ ሊስትሮው፣ ተራ አስከባሪው፣ የሕንፃው ጥበቃ፣ የሱቁ ባለቤት። ለፍርድ ቤት መጥሪያ የሚደርሳቸው እነሱ ናቸው።

ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ስልክ፣ ክፍለ ከተማና ወረዳ መዝግቡ። ያዩትንም በራሳቸው ቃል በሁለት ሦስት መስመር ጻፉ። "መኪናው ከየት ነው የመጣው? ተጎጂው የት ነበር የቆመው? መብራቱ ምን ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ እንጂ መልሱን አታቀብሉ። የተጠና ምስክርነት በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈርሳል፣ እውነቱንም ይዞት ይወድቃል። ሦስት ዘመድ ከመቁጠር ከማንም ወገን ያልሆነ አንድ ሰው ይሻላል።

4. የፖሊሱን ፕላንና ሪፖርት ተከታተሉ

ትራፊክ ፖሊስ ሲደርስ ለክቶ ፕላን ያነሳል። መኪናው የቆመበት፣ ተጎጂው የወደቀበት፣ የመንገዱ ስፋት እዚያ ላይ ይሰፍራል። ፍርድ ቤትም መድን ድርጅትም መጀመሪያ የሚያየው ይህን ወረቀት ነው። ፕላን ከመነሳቱ በፊት "ለመንገዱ ሲባል" መኪናው ገለል ከተደረገ ቀድማችሁ ያነሳችሁት ፎቶ ያድናችኋል።

ችግሩ ፕላኑ ሲነሳ ተጎጂው አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታል መሆኑ ነው። እዚያ ያለው ሹፌሩ ብቻ ነው፤ የሚሰማውም የእሱ ቃል ነው። ስለዚህ ከቤተሰብ አንድ ሰው ቦታው ላይ ይቅር። ተጎጂው ሲሻለው ሳይዘገይ ቃሉን ይስጥ። የሰጠውን ቃል ሳያነብ ወይም ሳይነበብለት አይፈርም። የታርጋ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የባለንብረት ስም፣ የመድን ድርጅቱ ስምና የፖሊሲ ቁጥር ትክክል መሆኑን አረጋግጡ። ስህተት ካለ በቃል አትለፉት። እርማት የሚጠይቅ ማመልከቻ ጻፉና እናንተ ዘንድ በሚቀረው ቅጂ ላይ ገቢ መሆኑን የሚያሳይ ማህተም አስመቱ። የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ያዙ።

ሹፌሩ በወንጀል ተከስሶ ነጻ ቢወጣ ተስፋ አትቁረጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 መሠረት የካሳውን ጉዳይ የሚያየው ፍርድ ቤት በዚያ ነጻ የመውጣት ውሳኔ አይታሰርም።

5. የሕክምናው ሰንሰለት አይበጠስ

በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። "ደህና ነኝ፣ ትንሽ ነው ያመመኝ" ብሎ ቤት መግባት የተለመደ ነው። ከአምስት ቀን በኋላ ወገቡ ሲያብጥ ግን የመድን ድርጅቱ "ይህ ሌላ ቦታ የደረሰ ጉዳት ነው" ይላል። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ የሄደ ሰውም ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል። ወጌሻ የሚያምን ሰው አልቃወምም፤ ግን መጀመሪያ ራጅ ተነስቶ ካርድ ይውጣ። የመድን አዋጁ በመኪና የተጎዳ ሰው ድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝ ይደነግጋል። ገንዘብ አልያዝኩም ብላችሁ አትቅሩ።

ለሐኪሙ ምን እንደገጫችሁ በግልጽ ንገሩት፣ ካርዱ ላይም "በመኪና አደጋ" ተብሎ መጻፉን አረጋግጡ። ሁሉንም የሚያመችሁን ቦታ ንገሩት። እግር ስለተሰበረ የጭንቅላቱን ሕመም መዝለል በኋላ ዋጋ ያስከፍላል። የካርድ ቁጥር፣ የራጅና የሲቲ ስካን ውጤት ከነፊልሙ፣ የሪፈር ወረቀት፣ የመውጫ ማጠቃለያ፣ የሕመም ፈቃድ፣ ሁሉም አንድ ፖስታ ውስጥ ይግባ። ቁስሉን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየጊዜው ፎቶ አንሱ። ለፖሊስና ለፍርድ ቤት የሚሆነው የሕክምና ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ በፖሊስ ወይም በፍርድ ቤት ደብዳቤ ስለሚጠየቅ ደብዳቤውን መርማሪው እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።

ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ ትልቁ ወረቀት የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ነው። ቦርዱ የአካል ጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይገልጻል። የወደፊት ገቢ ሲሰላ ዳኛውም መድን ድርጅቱም የሚይዙት ያንን ቁጥር ነው። ቦርድ የሚቀረበው ሕክምናው ሲጠናቀቅና ጉዳቱ ሲረጋ ነው። ያልዳነ ስብራት ይዞ መቸኮል ጥሩ አይደለም፤ ግን ቀጠሮ ጊዜ ስለሚወስድ ሐኪማችሁን ቀድማችሁ አማክሩ።

አሁን ያልወጣ፣ ወደፊት ግን መውጣቱ የማይቀር ወጪም ይጠየቃል። አጥንት ውስጥ የገባ ብረት ከዓመት በኋላ ይወጣ ከተባለ፣ ሐኪሙ ይህንን ከነግምታዊ ዋጋው ጽፎ ይስጣችሁ። ሰው ሠራሽ እግር፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምናም እንደዚሁ። ቁጥር 2092 ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳት አሁኑኑ እንዲገመት ይፈቅዳል። ይህን ሳይጠይቁ ፋይል የሚዘጉ ሰዎች በጣም ያሳዝኑኛል፤ በዓመቱ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ገንዘብ ይለምናሉ።

6. ገንዘቡን በወረቀት አሳዩ

ሕጉ ለሞራል ጉዳት የሚሰጠውን ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ አድርጎ ገድቦታል። ቁጥር 2116 ነው። በ1952 ዓ.ም. የነበረው 1,000 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ "በጣም ተሰቃየሁ" የሚለው ልብ ቢነካም ኪስ አይሞላም። ካሳው የሚቆመው በወጣው ወጪና በቀረው ገቢ ላይ ነው።

ወጪውን በዚህ መንገድ ያዙ። አንድ ደብተር ግዙ። በየቀኑ ምን፣ የት፣ ስንት እንደወጣ ጻፉ። የመድኃኒት ደረሰኝ ላይ የተጎጂው ስም ይጻፍ፤ "ስም የለሽ" ደረሰኝ የማንም ሊሆን ይችላል። የሐኪሙ ማዘዣ ቅጂ ከደረሰኙ ጋር ይያያዝ። አንዳንድ የደረሰኝ ወረቀት በሙቀትና በጊዜ ጽሑፉ ስለሚደበዝዝ ወዲያው ፎቶ ኮፒ አድርጉት። ደረሰኝ የማይሰጥበት ክፍያ ካለ በቴሌብር ወይም በባንክ ክፈሉ፤ ቢያንስ የዝውውሩ መዝገብ ይቀራል። ውጭ ያለ ዘመድ ለሕክምና ገንዘብ ከላከም የመላኪያውን ወረቀት ጠይቁት። የኮንትራት ታክሲ ከከፈላችሁ ቀኑን ከሕክምና ቀጠሮው ጋር አገናኝታችሁ መዝግቡ። አስታማሚ ከቀጠራችሁ በአጭር ውል ይሁን፣ ስትከፍሉም አስፈርሙ።

ገቢው ላይ ሥራው እንደ ሰውየው ይለያያል። ደመወዝተኛ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዙን መጠን፣ የቀረበትን ቀንና የተቆረጠበትን የሚገልጽ ደብዳቤ ያመጣል። ነጋዴ የንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ደረሰኞቹን፣ የባንክ ስቴትመንቱን ያቀርባል። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ለገቢዎች ትንሽ ያሳወቀ ሰው ለፍርድ ቤት ብዙ ነበር የማገኘው ሲል ወረቀቱ ራሱ ይመሰክርበታል። የቀን ሠራተኛ ፎርማኑን፣ የሥራ ባልደረቦቹን፣ የከፋዩን ስም የያዘ ወረቀት ይፈልጋል። ገበሬ ከቀበሌው ስለመሬቱና ስለምርቱ ማስረጃ ያወጣል። ጉሊት የምትቸረችር እናትም ገቢ አላት። እቃ የሚያስረክቧትና አጠገቧ የሚሸጡት ምስክር ይሆናሉ።

የጉዳቱን ልክ በትክክል ማስረዳት ካልተቻለ ዳኛው በቁጥር 2102 መሠረት በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ በሆነ ግምት፣ ሊወስን ይችላል። ይህ ግን መጠባበቂያ ነው። ደረሰኝ መሰብሰብ የተወ ሰው መተማመኛ ሊያደርገው አይገባም።

ተጎጂው ከሞተ ጥያቄው የሚቀርበው እሱ ይረዳቸው በነበሩ የቅርብ ቤተሰቦች ነው። የሞት የምስክር ወረቀት፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃ፣ የአስክሬን ምርመራ ውጤት፣ የቀብር ወጪ ደረሰኝ ያስፈልጋል። እንዲሁም ሟች ለወላጆቹ ወይም ለልጆቹ ይሰጥ የነበረውን የሚያሳይ የባንክ ዝውውርና ምስክር።

7. ሽማግሌ ሲመጣ

ይመጣል። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት። የሹፌሩ ቤተሰብ ሽማግሌ ይዞ፣ ሕክምናውን እንሸፍናለን ብሎ፣ አንድ ወረቀት ይዞ ይመጣል። እርቅን አከብራለሁ፤ ሹፌሩም ብዙ ጊዜ ልቡ የተሰበረ ሰው ነው። ወረቀቱን ግን አንብቡት። "ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ የለኝም" የሚል አረፍተ ነገር ካለበት የጉዳቱ ልክ ሳይታወቅ አትፈርሙ። ይቅር ማለትና ካሳን መተው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለሽማግሌዎቹም ይህንኑ በአክብሮት ንገሯቸው።

ለሕክምና የሚሰጡትን ገንዘብ ብትቀበሉ "ለሕክምና ወጪ ብቻ፣ ከጠቅላላ ካሳው የሚታሰብ" ተብሎ ይጻፍ። መጠኑና ቀኑ ይኑር፣ ምስክሮች ይፈርሙ። የመጣላችሁን መልእክት፣ በተለይ "አሳክምሃለሁ፣ አታስብ" የሚለውን፣ አታጥፉ። ስክሪንሾት አድርጉ፣ ስልኩንም ያዙት።

8. ለመድን ድርጅቱና ለፍርድ ቤቱ ማቅረብ

የሦስተኛ ወገን መድን የሚከፍለው በሕግ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ከባለንብረቱ ይጠየቃል። ለመድን ድርጅቱ ስታመለክቱ ኮፒ ስጡ፣ ኦሪጅናሉን ለማመሳከር ብቻ አሳዩ። ኦሪጅናል ካልሰጣችሁ አይሆንም ካሏችሁ የእያንዳንዱን ዝርዝር ጽፋችሁ አስፈርሙ። ተጎጂው መንቀሳቀስ ካልቻለ ጉዳዩን ለሚከታተልለት ሰው ውክልና ይስጥ።

ክስ ስትመሠርቱ ከማመልከቻው ጋር የማስረጃ ዝርዝር ይያያዛል። የሰነዶቹ ኮፒ፣ የምስክሮቹ ስምና አድራሻ፣ እያንዳንዳቸው የሚያስረዱት ጭብጥ እዚያ ይገባል። በኋላ ትዝ ያለኝን አመጣለሁ ማለት ቀላል አይደለም፤ ፍርድ ቤቱ ሊከለክል ይችላል። በእጃችሁ የሌለ ግን በፖሊስ፣ በሆስፒታል ወይም በመድን ድርጅት እጅ ያለ ሰነድ ካለ፣ የት እንዳለ ገልጻችሁ ፍርድ ቤቱ በትእዛዝ እንዲያስቀርብላችሁ ጠይቁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሕክምና ወረቀት በፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ ተተርጉሞ ይያያዝ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ያቃተው ሰው በድሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል፤ ጠበቃ መቅጠር ለማይችልም የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው።

ጊዜውን አትርሱ። በቁጥር 2143 መሠረት የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ድርጊቱ በወንጀል የሚያስጠይቅና የወንጀሉ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ጊዜ ይሠራል፤ እሱን ተማምኖ መዘግየት ግን ክርክር መጋበዝ ነው። የመድን ድርጅቱ "እያየነው ነው" እያለ ወራት ቢያስቆጥርም፣ ሽምግልናው ቢጓተትም፣ ሁለተኛው ዓመት ሳይሞላ ማመልከቻው መዝገብ ቤት ይግባ።